ሁለት ግራፊክስ፣ አንድ ባትሪ፦ ላፕቶፓችሁ አሁን በየትኛው እየሠራ ነው?

የዛሬው ትምህርት የሚነሳው እኔው ራሴ ከሠራሁት ስህተት ነው።

አዲስ አበባ አርክቴክቸር ለምትማር የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ገዛሁላት። እዚህ ሆኜ ሁሉን ነገር ጫንኩ፣ አስተካከልኩ፣ ከዚያ ወደ አገር ቤት ለሚገባ ሰው አስይዤ ላክሁት። 16 ጊጋባይት ራም እና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ያለው የጌም ላፕቶፕ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ መረቀኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ልጅቷ ደወለች።

«ጋሼ፣ ላፕቶፑ በጣም ጥሩ ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ሁለት ሰዓት እንኳን አይቆይልኝም። ትናንት ማታ የማስረክበውን ፕላን ሳልጨርስ ጠፋብኝ።»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን ነው። አዲስ ባትሪ ልልክላት ዋጋ ሁሉ ማየት ጀምሬ ነበር። በኋላ በቪዲዮ ጥሪ አብረን ስንፈትሽ ግን ባትሪው ደህና ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ ከመላኬ በፊት «ፍጥነት ይጨምርላት» ብዬ የቀየርኳት አንዲት ሴቲንግ ነበረች። ያቺ ሴቲንግ ትልቁን ግራፊክስ ካርድ ቀንም ሌሊትም እንዳይተኛ አድርጋው ነበር።

ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ካላችሁ፣ ወይም ለቤተሰብ ልትልኩ ካሰባችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ሁለቱ ግራፊክሶች ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉ እናያለን፤ ከዚያ የትኛው እየሠራ እንደሆነ ማወቅንና መቀየርን እንማራለን። መጨረሻ ላይ ሶፍትዌር ለምትጽፉ የሚሆን ክፍል አለ።

1. ሁለቱ ምንድን ናቸው?

ኢንተግሬትድ ግራፊክስ የሚባለው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ነው። የኢንቴል አይሪስ ኤክስኢ፣ ወይም በኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው ሬዲዮን የዚህ ዓይነት ናቸው። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከላፕቶፑ ራም ላይ እየተጋራ ይጠቀማል። ስለዚህ ራሙ አንድ ብቻ ከሆነ እና ሁለተኛ ቦታ ካለው፣ ሁለተኛ ራም መጨመር ይህን ግራፊክስ በሚታይ መጠን ያፈጥነዋል። መረጃው በአንድ መንገድ ፋንታ በሁለት መንገድ ይመላለሳልና።

ዴዲኬትድ ግራፊክስ ደግሞ ራሱን የቻለ ቺፕ ነው። የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ኤሌክትሪክም ለብቻው ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜ የራሱ ማቀዝቀዣ ፋንም አለው። የኤንቪዲያ ጂፎርስ፣ የኤኤምዲ ሬዲዮን አርኤክስ እና የኢንቴል አርክ ካርዶች እዚህ ይመደባሉ። ለጌም፣ ለስሪዲ ሥራ፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ እና ለማሽን ለርኒንግ የምንፈልገው እሱን ነው።

ለአንድ ስኒ ቡና የድግስ ምድጃ አይነደድም። ኢሜይል ለማንበብ፣ በዎርድ ለመጻፍ፣ ዩቲዩብ ለማየት ትንሹ ግራፊክስ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ትልቁ ሳይፈለግ ነቅቶ ሲቀር ነው።

2. ሂሳቡ ምን ይላል?

የባትሪ አቅም የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ባትሪ 56 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ላፕቶፑ በቀላል ሥራ ላይ 12 ዋት ቢወስድ፣ 56 ለ12 ሲካፈል 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይሰጠናል። ትልቁ ግራፊክስ ነቅቶ፣ ስክሪኑም በከፍተኛ ፍጥነት እየታደሰ ፍጆታው 28 ዋት ቢደርስ ግን 56 ለ28 ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪው ያው ነው፣ የምትሠራውም ሥራ ያው ነው፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ጊዜ ግን የለም።

ቻርጀር ሁልጊዜ አጠገቡ ላለ ሰው ይህ ልዩነት የፋን ድምፅና ሙቀት ብቻ ነው። መብራት ለሚጠፋበት ሰው ግን ሥራ በመጨረስና ባለመጨረስ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

3. መቀያየሩ ከየት መጣ?

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2006 የወጣው የሶኒ ቫዮ ኤስዜድ ላፕቶፕ በእጅ የሚገፋ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረው። አንዱ ጎን «ስታሚና»፣ ሌላው ጎን «ስፒድ» ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ያስፈልግ ነበር። በ2008 መጨረሻ የወጣው የአፕል ማክቡክ ፕሮ ደግሞ ሁለት የኤንቪዲያ ግራፊክሶች ይዞ መጣ፤ ለመቀየር ግን ከአካውንት ወጥቶ እንደገና መግባት ግድ ነበር። ሰው በዚህ ስለሚሰለች አብዛኛው ተጠቃሚ አንዱን መርጦ ይረሳዋል።

በየካቲት 2010 ኤንቪዲያ ኦፕቲመስ የተባለውን ዘዴ አስተዋወቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተጠቃሚው ምንም አይነካም፤ ፕሮግራሙ ትልቁን ካልፈለገ ትልቁ ይተኛል፣ ሲፈልግ ይነቃል። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ባለ ሁለት ግራፊክስ ላፕቶፖች የሚሠሩት በዚህ ወይም በዚህ በሚመስል መንገድ ነው። «ሃይብሪድ ሞድ» ይሉታል።

4. በሃይብሪድ ሞድ ምስሉ በየት በኩል ያልፋል?

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። በሃይብሪድ ሞድ የላፕቶፑ ስክሪን የተገናኘው ከትንሹ ግራፊክስ ጋር ብቻ ነው። ጌም ስትከፍቱ ትልቁ ምስሉን ይሠራል፤ ነገር ግን ወደ ስክሪኑ በቀጥታ መላክ አይችልም። የሠራውን ምስል ለትንሹ ይገለብጥለታል፤ ትንሹ ደግሞ ለስክሪኑ ያቀርባል።

ምን ያህል መረጃ ነው የሚገለበጠው? 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ፒክስል አለው። ለአንዱ ፒክስል 4 ባይት ብንይዝ፣ አንዱ ምስል 8.3 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 60 ምስል ከሆነ 500 ሜጋባይት፣ በሰከንድ 144 ከሆነ ደግሞ 1.2 ጊጋባይት ገደማ ነው። መስመሩ ይህን ይችለዋል፤ በነፃ ግን አይደለም። ጥቂት መዘግየት ይጨመራል፤ በጣም ፈጣን በሆኑ ጌሞች ላይ የሰከንዱ ምስል ቁጥርም ይቀንሳል።

ይህን ለማስቀረት የመጣው መክስ ስዊች ነው። መክስ ስዊች የስክሪኑን መስመር ከትንሹ ነቅሎ በቀጥታ ለትልቁ የሚሰጥ መቀየሪያ ነው። ትንሹ ከመንገድ ይወጣል፤ ፍጥነት ይጨምራል። በድሮው ዓይነት መክስ ለመቀየር ሪስታርት ያስፈልጋል። ኤንቪዲያ በ2020 ያወጣው አድቫንስድ ኦፕቲመስ ግን ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ መስመሩን ይቀይራል።

ዋጋው ግን አለ። ስክሪኑ የትልቁ ከሆነ፣ ስክሪኑ እስከበራ ድረስ ትልቁ መተኛት አይችልም። ባዶ ዴስክቶፕ ብታዩም እሱ ነው የሚያሳያችሁ።

እኔ የሠራሁት ስህተት ይኸው ነበር። ዩቲዩብ ላይ «መክሱን ወደ ዴዲኬትድ አድርጉት፣ ፍጥነት ትጨምራላችሁ» የሚሉ የጌም ቪዲዮዎች አይቼ፣ እኔም አደረግሁት። የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ከፍቼ ውጤቱ ከፍ ሲል ደስ አለኝ። ላፕቶፑ ግን በቻርጀር ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ መብራት የማይጠፋበት ቤት ውስጥ ነበርኩ።

5. የትኛው እየሠራ እንደሆነ እንዴት እናውቃለን?

በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስትጫኑ በግራ በኩል ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 ታያላችሁ። በእያንዳንዱ ላይ ስሙ ተጽፏል፤ ቁጥሩን ሳይሆን ስሙን አንብቡ፣ ምክንያቱም የቁጥሩ ቅደም ተከተል ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል።

ቀጥሎ «ፕሮሰስስ» የሚለውን ክፈቱ፤ ከላይ ባለው ርዕስ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ጂፒዩ ኢንጅን» የሚለውን ዓምድ ጨምሩ። አሁን እያንዳንዱ ፕሮግራም የትኛውን ጂፒዩ እየተጠቀመ እንደሆነ ተጽፎ ታገኛላችሁ።

የኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ ሌላም መንገድ አለ። የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ከፍታችሁ «ዴስክቶፕ» ከሚለው ሜኑ የጂፒዩ አክቲቪቲ አይከን እንዲታይ አድርጉ። ከሰዓቱ አጠገብ ትንሽ ምልክት ይወጣል፤ ስትጫኑት ትልቁን ያነቁትን ፕሮግራሞች ይዘረዝርላችኋል።

የእህቴ ልጅ ታስክ ማናጀሯን ከፍታ ስታነብልኝ የጠራችው አንድ ጂፒዩ ብቻ ነበር፤ እሱም ትልቁ። «ሌላ ጂፒዩ የለም?» ስላት «የለም ጋሼ፣ አንድ ነው» አለችኝ። ትንሹ ከዝርዝሩ ጭራሽ ጠፍቷል። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ ትዝ ያለኝ።

ባትሪውን ከጥርጣሬ ለማውጣትም አንድ ነገር አድርገን ነበር። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣ ትእዛዝ አለው። ሪፖርቱ ላይ «ዲዛይን ካፓሲቲ» ባትሪው አዲስ ሲሆን የነበረውን አቅም፣ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ደግሞ ዛሬ የሚይዘውን ይነግራችኋል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ባትሪው ጤነኛ ነው። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ።

6. ማስተካከል፣ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፦ መክሱን ወደ ሃይብሪድ መልሱት። ቦታው እንደ ላፕቶፑ ይለያያል። በአንዳንዱ ከአምራቹ ጋር በመጣው ፕሮግራም ውስጥ ነው፣ በአንዳንዱ ባዮስ ውስጥ፣ አድቫንስድ ኦፕቲመስ ባለው ደግሞ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ማኔጅ ዲስፕሌይ ሞድ» በሚለው ሥር። «ሃይብሪድ»፣ «ኦፕቲመስ» ወይም «ኦቶማቲክ» የሚል ምርጫ ፈልጉ። መክስ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ ይህን ደረጃ ዝለሉት።

ሁለተኛ፦ አጠቃላይ ትእዛዙን አንሱ። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል «ማኔጅ ስሪዲ ሴቲንግስ» ሥር «ግሎባል» የሚል ክፍል አለ። እዚያ ትልቁ ፕሮሰሰር ለሁሉም ተብሎ ከተመረጠ ወደ «ኦቶ ሴሌክት» መልሱት። ለሁሉም ፕሮግራም ትልቁን ማዘዝ ለባትሪ ጥሩ አይደለም።

ሦስተኛ፦ ለየፕሮግራሙ ምረጡ። ከ2018 የሚያዝያ ዝመና ጀምሮ ዊንዶውስ 10፣ አሁን ደግሞ ዊንዶውስ 11 ይህን ራሳቸው ያስተናግዳሉ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ ክፈቱ። ፕሮግራሙን ከዝርዝሩ ምረጡ ወይም ጨምሩ። ሦስት ምርጫ ታገኛላችሁ፦ ዊንዶውስ ይወስን፣ «ፓወር ሴቪንግ» ማለትም ትንሹ፣ እና «ሃይ ፐርፎርማንስ» ማለትም ትልቁ። ለእህቴ ልጅ ብሌንደርን ለትልቁ፣ ብራውዘሩን ለትንሹ ሰጠን፤ የቀረውን ለዊንዶውስ ተውነው። ለውጡ የሚሠራው ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ነው።

አራተኛ፦ የስክሪኑን ፍጥነት ቀንሱ። የ144 ሄርዝ ስክሪን በባትሪ ላይ 60 ሄርዝ ይበቃዋል። «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አምስተኛ፦ የውጪ ስክሪን ስትሰኩ አስቡ። በብዙ የጌም ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው በቀጥታ የተያያዘው ከትልቁ ጋር ነው። ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ትልቁ ነቅቶ ይቆያል። ሁሉን አስተካክላችሁ አሁንም ካልተኛ፣ መጀመሪያ ገመዱን ንቀሉና እዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንዳንዱ ሰው ትልቁን ለማስተኛት ዲቫይስ ማናጀር ገብቶ «ዲስኤብል» ያደርገዋል። ይህ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያመጣል። ካርዱን እንዲተኛ የሚያዘው ድራይቨሩ ነው፤ ድራይቨሩ ሲጠፋ ካርዱ አዛዥ አጥቶ ኤሌክትሪክ እየወሰደ ሊቀር ይችላል። ድራይቨሩን አትንኩ፤ ሥራውን ይሥራ።

7. ሊነክስ እና ማክ ላላችሁ

ሊነክስ ላይ ይህ ነገር ረጅም ጊዜ ራስ ምታት ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤንቪዲያን በአደባባይ የነቀፈው፣ ኦፕቲመስ ያለው ላፕቶፕ የገዛች አንዲት ተሳታፊ ባነሳችው ጥያቄ ነበር። በ2019 የወጣው የኤንቪዲያ 435 ድራይቨር «ፕራይም ሬንደር ኦፍሎድ» የተባለውን ዘዴ ሲደግፍ ነገሩ ቀለለ። ዛሬ ጂኖም ላይ የፕሮግራሙን አይከን ራይት ክሊክ ስታደርጉ፣ በዲስክሪት ግራፊክስ ካርድ እንዲከፈት የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። ኡቡንቱ ላይ ፕራይም-ሴሌክት የሚባለው መሣሪያ «ኦን-ዲማንድ» የሚል ምርጫ አለው፤ ሃይብሪድ ማለት እሱ ነው። ማሳሰቢያ፦ ካርዱ መተኛቱን ለማወቅ የኤንቪዲያን ኤስኤምአይ ትእዛዝ ደጋግማችሁ ብትጠሩ፣ የሚቀሰቅሰው ትእዛዙ ራሱ ነው።

የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ባለ ሁለት ግራፊክስ ማክቡክ ፕሮዎች በባትሪ ሴቲንግ ውስጥ አውቶማቲክ ግራፊክስ ስዊቺንግ የሚል ምርጫ አላቸው፤ ተዉት፣ እንደበራ ይቆይ። አክቲቪቲ ሞኒተር ውስጥ «ኢነርጂ» ሥር ትልቁን ጂፒዩ የጠየቀው ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ ይታያል። ከ2020 ወዲህ የመጡት የአፕል ኤም ቺፖች ግን ግራፊክሳቸው አንድ ብቻ ነው፤ የሚቀያየር ነገር የላቸውም።

8. ሶፍትዌር ለምትጽፉ

ተጠቃሚው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ እንዲመርጥ መጠበቅ የለብንም፤ ፕሮግራማችን ራሱ መናገር ይችላል።

ዌብ ላይ የምትሠሩ ከሆነ፣ ዌብጂኤል ስትከፍቱ «ፓወር ፕሪፈረንስ» የሚባል ምርጫ አለ። «ሎው ፓወር»፣ «ሃይ ፐርፎርማንስ» ወይም «ዲፎልት» ይቀበላል። ልመና እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ብራውዘሩ ላይቀበለው ይችላል። ግን ገጻችሁ አንዲት የምትሽከረከር ሎጎ ለማሳየት ብቻ ትልቁን እንዳይጠራ «ሎው ፓወር» በሉት።

በሲ ፕላስ ፕላስ ለዊንዶውስ ጌም የምትጽፉ፣ ከዋናው ፕሮግራም አንድ ቋሚ ስም ያለው ተለዋዋጭ ወደ ውጪ በማሳየት የኤንቪዲያ ድራይቨር ትልቁን እንዲመርጥ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ኤኤምዲም የራሱ ስም አለው። ዳይሬክትኤክስ ላይ ደግሞ አዳፕተሮችን በጂፒዩ ምርጫ ቅደም ተከተል የሚዘረዝር ፋንክሽን አለ። ቩልካን ግን ሁሉንም ካርዶች ከነዓይነታቸው ይሰጣችኋል፤ መምረጥ የእናንተ ሥራ ነው። ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ዝም ብሎ መውሰድ የብዙ ጀማሪ ስህተት ነው።

የአማርኛ ኪቦርድ፣ መዝገበ ቃላት ወይም የማስታወሻ አፕ የምትሠሩ ደግሞ ጨርሳችሁ ስታበቁ በታስክ ማናጀር አፓችሁን እዩት። እንዲህ ያለ አፕ ትልቁን ካነቃ የሚስተካከል ነገር አለ ማለት ነው።

ማሽን ለርኒንግ የምትሞክሩም ሃይብሪድ ሞድ ይጠቅማችኋል። ኩዳ የሚሠራው ስክሪኑ ከየትኛው ጋር ተገናኘ ሳይል በኤንቪዲያ ካርዱ ላይ ነው። ስክሪኑን ትንሹ ሲይዝላችሁ ዴስክቶፑና ብራውዘሩ የካርዱን ሜሞሪ አይሻሙም። በ6 ጊጋባይት ካርድ ላይ የአማርኛ ንግግር ሞዴል ለማሠልጠን ለሚታገል ሰው፣ ጥቂት መቶ ሜጋባይትም ትልቅ ነገር ነው።

9. ማጠቃለያ

ቻርጀር ላይ ሆናችሁ ጌም የምትጫወቱ ከሆነ መክሱን ለትልቁ ስጡት፤ ስህተት የለውም። ለሌላው ጊዜ ሁሉ ሃይብሪድ ይሁን፤ ትልቁን የሚፈልጉትን ሁለት ሦስት ፕሮግራሞች በስማቸው ምረጡላቸው። ከባድ ሬንደር ግን በሃይብሪድም ቢሆን ባትሪ ይጨርሳል፤ እሱን መብራት ባለ ጊዜ ሥሩ።

የእህቴ ልጅ መክሱን መልሳ ሪስታርት ካደረገች በኋላ በሚቀጥለው የመብራት መጥፋት አራት ሰዓት ተኩል ያህል ሥዕሏን ስትሠራ አመሸች። ፕላኗንም አስረክባለች። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ለሰው የሚሄድ ላፕቶፕ ሳዘጋጅ አንድ ልማድ አበጅቻለሁ፦ ከማሸጌ በፊት ቻርጀሩን ነቅዬ ለአንድ ሰዓት ያህል ተራ ሥራ እሠራበታለሁ፣ ባትሪው ስንት ፐርሰንት እንደወረደም እመዘግባለሁ። ወደሚሄድበት ቤት የሚስማማውን ሴቲንግ የሚነግረኝ ያ ቁጥር ነው።

ዛሬ ማታ እናንተም ቻርጀሩን ንቀሉና ታስክ ማናጀር ክፈቱ። ትልቁ ነቅቶ ካገኛችሁት ማን እንደቀሰቀሰው ፈልጉ። መልካም ሙከራ!